ከሚያበራው ምስል ሥር ይጻፍልን

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልን። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ በጋዜጦች የጤና ገጽ፣ በምርምር መጽሔቶችና በየአዳራሹ ደጃፍ በሚለጠፉ ፖስተሮች ላይ፣ በጥቁር መደብ ላይ አረንጓዴና ቀይ ሆነው የሚያበሩ የሕዋስ ምስሎች በርክተዋል። ያምራሉ፤ ተማሪውንም ወደ ሳይንሱ ይስባሉ፤ ይህን አንነቅፍም። ከሥራቸው የሚጻፈው ግን ብዙ ጊዜ አንድ መስመር ነው። «ስኳር የሚመገብ ሕዋስ»፣ «ማይቶኮንድሪያ በሥራ ላይ»፣ «የተጎዳ ሕዋስ» ይባልና ያበቃል። ቀለሙ የትኛው እንደሆነ፣ ምን ያህል እንደተጨመረ፣ ከምን ጋር እንደተነጻጸረ አይነገርም። በሕይወት ባለ ሕዋስ ውስጥ ስኳሩን፣ ስቡንና ኃይሉን በብርሃን የሚያሳዩት ቀለሞች በቀላሉ የሚያሳስቱ ስለሆኑ፣ ያ አንድ መስመር እንደማይበቃ ለማስረዳት ይህን ጻፍን። በባሕር ዳርም ሆነ በደብረ ማርቆስ ሥራውን ለሚጀምሩ ወጣቶች እንዲጠቅም መጠንና ልኩንም ጨምረናል።

ፍሎረሰንት ቀለም አንዱን ብርሃን ውጦ ሌላ ብርሃን ይመልሳል። የሚመልሰው ከዋጠው ጉልበቱ ያነሰ፣ ሞገዱ የረዘመ ነው፤ ሰማያዊ ቢሰጡት አረንጓዴ፣ አረንጓዴ ቢሰጡት ብርቱካናማ ወይም ቀይ ይሰጣል። ይህን እ.ኤ.አ. በ1852 አስረድቶ ስሙንም ያወጣለት ጆርጅ ጋብርኤል ስቶክስ ነው። ከሞከረባቸው ነገሮች አንዱ የወባ መድኃኒቱ ኪኒን ነበር። ዛሬ የራስ ምታቱንም የሆድ ቁርጠቱንም እንክብል «ክኒን» የምንልበት ያው ኪኒን፣ አሲድ ጠብ ባለበት ውሃ ሟሙቶ ፀሐይ ሲያርፍበት ሰማያዊ ያበራል። አዶልፍ ፎን ባየር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1871 ፍሎረሲን የተባለውን ቀለም ሠራ፤ ዛሬ በላቦራቶሪ ያሉት አረንጓዴ ቀለሞች ብዙዎቹ ከእሱ የተወለዱ ናቸው። ፍሎረሲን 490 ናኖሜትር (የብርሃን ሞገድ ርዝመት መለኪያ ነው) አካባቢ ያለውን ሰማያዊ ብርሃን ውጦ 520 አካባቢ አረንጓዴ ይመልሳል። የማይክሮስኮፑ ማጣሪያዎች ሥራቸው የገባውን ብርሃን አግደው የወጣውን ብቻ ማሳለፍ ነው።

አንባቢ በቅድሚያ ሊያውቀው የሚገባው፣ ለዚህ ሥራ የሚውለው ካሜራ አብዛኛውን ጊዜ ቀለም የማያይ መሆኑን ነው። የሚቆጥረው የብርሃን መጠን ብቻ ነው፤ አረንጓዴውንም ቀዩንም ኋላ ላይ የሚሰጠው ኮምፒውተሩ ነው። በኮምፒውተሩ ላይ «ራስ-ሰር ንፅፅር» የሚባለውን አንዴ መጫን ምንም ያልነበረበትን ምስል እንደ ደመራ ያነደዋል። ስለዚህ ቀለም ያልገባበት ሕዋስና ቀለም የገባበት ሕዋስ በአንድ ዓይነት የመብራት ኃይል፣ በአንድ ዓይነት የሚሊሰከንድ ቆይታ መነሳትና በአንድ ዓይነት የድምቀት ወሰን መታየት አለባቸው። 12 ቢት ካሜራ ከ0 እስከ 4095 ይቆጥራል፤ አንዱ ነጥብ 4095 ከደረሰ ከዚያ በላይ ምን ያህል እንደነበረ አይታወቅም፤ ያ ምስል ለልኬት አይሆንም።

ወደ ሕዋሱ እንግባ። የሕዋስ ሽፋን ከስብ የተሠራ ስለሆነ፣ የኤሌክትሪክ ቻርጅ የተሸከመ ቀለም ደጅ ቆሞ ይቀራል። ለዚህ መላ ያገኘው ኬሚስቱ ሮጀር ቼን ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው ሥራ የቀለሙን አሲዳዊ ጫፎች ኤስተር በሚባል ኬሚካላዊ መሸፈኛ ሸፈናቸው፤ የተሸፈነው ቀለም ሽፋኑን ሰርጎ ይገባል፣ ውስጥ ያሉት ኤስተሬዝ የተባሉ ኢንዛይሞች መሸፈኛውን ይቆርጡታል፣ ቀለሙም መውጫ አጥቶ ይቀራል። (ቼን እ.ኤ.አ. በ2008 ከኦሳሙ ሺሞሙራና ከማርቲን ቻልፊ ጋር የኬሚስትሪ ኖቤል የተሸለመው ግን ከጄሊፊሽ በተገኘው አረንጓዴ ፕሮቲን ነው።) ዘዴው የሚከሽፍባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው። በማሳደጊያው ፈሳሽ ውስጥ የእንስሳት ሴረም (ከደም የሚወጣ ፈሳሽ) ካለ፣ በሴረሙ ያሉት ኢንዛይሞች መሸፈኛውን ውጭ ቆርጠው ይጨርሱታል፤ ስለዚህ ቀለም ሲጨመር ሴረም የሌለበት ፈሳሽ ይሁን። ለፈሳሹ ቀይ መልክ የሚሰጠው ፌኖል ሬድም ራሱ ስለሚያበራ የሌለበትን መምረጥ ይሻላል። በ37 ዲግሪ ሲሞላ ቀለሙ ወደ ሕዋሱ ጓዳ ጎድጓዳ እየገባ ነጠብጣብ የሚሠራ ከሆነ፣ በክፍል ሙቀት መሙላት ይረዳል። ሞልቶ በ10 ደቂቃ ውስጥ የሚደበዝዝ ከሆነ ሕዋሱ ቀለሙን እያስወጣ ሊሆን ይችላል፤ ፕሮቤኔሲድ የተባለው መድኃኒት ከ1 እስከ 2.5 ሚሊሞላር (ሞላር በአንድ ሊትር ውስጥ ያለ የሞለኪውል ብዛት መለኪያ ነው) ሲጨመር መውጫው ይዘጋል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው የሕዋሱ ኃይል ማመንጫ በሆነው በማይቶኮንድሪያው ላይ ስለሆነ እዚህ ላይ ቆም እንላለን። ማይቶኮንድሪያ ከውጭው አንጻር በውስጡ ከ150 እስከ 180 ሚሊቮልት የሚደርስ ኔጋቲቭ ልዩነት ይይዛል፤ ኤቲፒ የሚባለው የኃይል ሞለኪውል የሚሠራው ከዚሁ ጋር በተያያዘ ጉልበት ነው። ቲኤምአርኤም የሚባለው ቀለም ፖዘቲቭ ቻርጅ ስላለው ወደዚያ ይሳባል። በ37 ዲግሪ ሙቀት እያንዳንዱ 61 ሚሊቮልት ገደማ ክምችቱን ዐሥር እጥፍ ያደርገዋል፤ በ180 ሚሊቮልት በማይቶኮንድሪያው ውስጥ ያለው ቀለም ከዙሪያው ከ800 እጥፍ በላይ ይሆናል ማለት ነው። ወጥመዱ እዚህ ላይ ነው። ቀለም ሲታጨቅ ሞለኪውሎቹ አንዱ የአንዱን ብርሃን ስለሚያጠፉ፣ በዝቶ ሳለ ይደበዝዛል። እንዲህ ታጭቆ ሳለ ማይቶኮንድሪያው ኃይሉን ቢያጣ፣ ቀለሙ ተበትኖ ሕዋሱ በአንድ ጊዜ ይደምቃል። ያየው ሰው «መድኃኒቱ ማይቶኮንድሪያውን አበረታው» ብሎ ይጽፋል፤ የሆነው ግን ማይቶኮንድሪያው መድከሙ ነው። አንድ ምስል፣ ሁለት ተቃራኒ ትርጉም። የትኛው ትክክል እንደሆነ የሚለየው የቀለሙ መጠን ሲታወቅ ብቻ ነው።

አሠራሩ ይህ ነው። 1 ሚሊግራም ቲኤምአርኤም በ200 ማይክሮሊትር ዲኤምኤስኦ (ቀለም የሚያሟሟ ፈሳሽ) ሲሟሟ 10 ሚሊሞላር ይሆናል። ከዚህ 10 ማይክሮሊትር በ990 ማይክሮሊትር ዲኤምኤስኦ ሲቀጥን 100 ማይክሮሞላር፣ ከቀጠነው 5 ማይክሮሊትር በ10 ሚሊሊትር ማሳደጊያ ሲገባ 50 ናኖሞላር ይሆናል። ከዋናው ጠርሙስ በቀጥታ ወደ ሕዋሱ ለመውሰድ መሞከር ከንቱ ነው፤ ያን ያህል ትንሽ ጠብታ የሚለካ ፒፔት የለምና። ሕዋሱ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ በ37 ዲግሪ ይቆይ። ከዚያ አይታጠብ። ብዙዎች ከልማድ ያጥቡታል፤ ቲኤምአርኤም ግን በውስጥና በውጭ ሚዛን ላይ የሚኖር ቀለም ስለሆነ፣ ውጭው ሲታጠብ ውስጡም ቀስ በቀስ ይከተላል፤ ማይቶኮንድሪያው ምንም ሳይሆን ምስሉ ይደበዝዛል። መጨረሻ ላይ 1 ማይክሮሞላር ኤፍሲሲፒ ይጨመር። ይህ መርዝ የማይቶኮንድሪያውን ቮልቴጅ ያፈርሳል (ጓንት ሳይደረግ አይነካም)። በ5 ደቂቃ ውስጥ ብርሃኑ ከወረደ መጠኑ ልክ ነበር። ከደመቀ ቀለሙ በዝቷል፤ የዚያን ቀን ምስል ሁሉ ወደ ጎን ትቶ በግማሹ መጀመር ነው። ብርሃኑ ካልወረደም ካልወጣም ቀለሙ መጀመሪያውኑ ማይቶኮንድሪያ ውስጥ አልነበረ ይሆናል። አንድ ነገር ደግሞ አይረሳ፦ የሕዋሱ የውጭ ሽፋንም የራሱ ቮልቴጅ አለው፤ እሱ ሲለወጥም የቀለሙ ክምችት ይለወጣል።

ስኳርን ያሳያል የሚባለው 2-ኤንቢዲጂ ጉዳይም አሳሳቢ ነው። ግሉኮስ ላይ የሚያበራ ጅራት የተቀጠለበት ሞለኪውል ነው፤ 465 ናኖሜትር አካባቢ ይውጣል፣ 540 አካባቢ ይመልሳል። ከ100 እስከ 300 ማይክሮሞላር፣ ግሉኮስ በሌለበት ፈሳሽ፣ ለ30 ደቂቃ ይሰጥና በቀዝቃዛ ጨው ውሃ ይታጠባል። ጅራቱ ግን ከስኳሩ የሚተናነስ አይደለም፤ ሞለኪውሉ በስኳሩ በር ብቻ ይገባል ብሎ ማሰብ አይቻልም። የነጭ የደም ሕዋስ ዓይነት በሆኑት በቲ ሕዋሳት ላይ የተደረጉ ምርመራዎች በታወቁት የግሉኮስ በሮች ሳይሆን በሌላ መንገድ እንደሚገባ አሳይተዋል። ማረጋገጫው ከባድ አይደለም። በአንዱ ሳህን ላይ 20 ሚሊሞላር ተራ ግሉኮስ አብሮ ይጨመር፣ በሌላው የግሉኮስን በር የሚዘጋው ሳይቶካላሲን ቢ። ብርሃኑ በሁለቱም ካልቀነሰ የታየው የስኳር መግባት አይደለም፤ «ስኳር የሚመገብ ሕዋስ» የሚለውም መጻፍ የለበትም።

የኦክሲጅን መርዞችን (ከኦክሲጅን የሚወለዱ ሕዋስ የሚጎዱ ሞለኪውሎችን) ያሳያል በሚባለው በዲሲኤፍ ላይ አጭር እንሁን። ቀለሙ ለአንድ ሞለኪውል ብቻ የሚታመን አይደለም፤ ብረትና ፔሮክሲዴዝ ኢንዛይሞች ያደምቁታል፤ ይባስ ብሎ የማይክሮስኮፑ ብርሃን ራሱ ያደምቀዋል። አንዱን ቦታ ለ30 ሰከንድ አብርቶ ጎን ካለው ካልበራበት ቦታ ጋር ማስተያየት ነው። የበራበት ደምቆ ከተገኘ ያን ብርሃን የፈጠረው መብራቱ ነው። በሌሎቹም ቀለሞች ላይ ብርሃን ሕዋስን ይጎዳል፤ መብራቱን ወደ 10 በመቶ አውርዶ ከ100 እስከ 200 ሚሊሰከንድ ማንሳት፣ ትኩረቱንም በተራ ብርሃን አስተካክሎ ሰማያዊውን ለማንሻ ብቻ መክፈት ሕዋሱን ያተርፋል። ሳህኑን ከመብራቱ ሥር ሳያነሳ እያየ የሚጫወት ሰው ከሩብ ሰዓት በኋላ የሚያየው እየሞተ ያለ ሕዋስ ነው።

አሁን ወደ አገራችን ከፍታ። የአሠራር መመሪያዎቹ የተጻፉት ከባሕር ጠለል ብዙም በማይርቁ ከተሞች ነው። ባሕር ዳር 1800 ሜትር ገደማ፣ ደብረ ማርቆስ 2450 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል 101 ኪሎፓስካል ሲሆን በባሕር ዳር ወደ 81፣ በደብረ ማርቆስ ወደ 75 ይወርዳል። የሕዋስ ማሳደጊያ ሣጥን ላይ «5 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ» ተብሎ ሲሞላ፣ ደብረ ማርቆስ ላይ ወደ ፈሳሹ የሚገባው ጋዝ ባሕር ጠለል ላይ ከሚገባው ሦስት አራተኛው ብቻ ነው። ፈሳሹ በ0.13 ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) ገደማ ወደ አልካላይን ያዘነብላል። ትንሽ ይመስላል፤ ቢሲኢሲኤፍን በመሰለ ፒኤች በሚለካ ቀለም ለሚሠራ ሰው ግን ውጤቱን የሚቀይር ልዩነት ነው። ለማካካስ በባሕር ዳር 6.2 በመቶ፣ በደብረ ማርቆስ 6.7 በመቶ አካባቢ ያስፈልጋል። ግፊቱን ራሳቸው የሚያካክሱ ሣጥኖችም ስላሉ አስቀድሞ የመሣሪያውን መመሪያ ማየት ነው፤ ሁለቴ ማካካስም ስሕተት ነው። ዕቃና ፈሳሽ በእንፋሎት ግፊት ለሚያጸዳው ለአውቶክሌቭም ያው ነው። በደብረ ማርቆስ የግፊት ሰዓቱ 15 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ሲያሳይ ውስጡ ያለው ሙቀት 121 ሳይሆን 116 እስከ 117 ዲግሪ ነው፤ 121 ለመድረስ ሰዓቱ ወደ 19 መጠጋት አለበት፤ መሣሪያው ያን ግፊት የሚችል መሆኑ ግን መጀመሪያ ይረጋገጥ። በዚህ ምክንያት ያልጸዳ ማሳደጊያ ውስጥ ባክቴሪያ በቅሎ፣ ቀለሙን ሕዋሱ ሳይሆን ባክቴሪያው ሲጠጣው ይገኛል።

ዲኤምኤስኦ የሚረጋው በ18.5 ዲግሪ ነው። በደብረ ማርቆስ ብርድ ጠዋት መደርደሪያ ላይ ያለው ጠርሙስ እንደ ረጋ ቅቤ ሆኖ ቢገኝ አልተበላሸም፤ በእጅ ሙቀት ይፈታል። የሚያሳስበው በዚያ ብርድ ሳይረጋ የሚገኘው ነው፤ ዲኤምኤስኦ ከአየር እርጥበት ይስባል፣ ውሃ የጠጣው ደግሞ በቀላሉ አይረጋም። ውሃ በገባበት ዲኤምኤስኦ የተሟሟ የኤስተር ቀለም መሸፈኛው እዚያው ጠርሙሱ ውስጥ እየተቆረጠ ያልቃል። መብራት በሚጠፋበት አገር ቀለሙን በአንድ ጠርሙስ ማስቀመጥም አይመከርም። በ10 ማይክሮሊትር ልክ በትናንሽ ቱቦ ከፋፍሎ፣ በፎይል ጠቅልሎ፣ እርጥበት ከሚመጥ ሲሊካ ጋር ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ማኖር ነው። አንዴ የቀለጠች ቱቦ የዚያን ቀን ብቻ ትሠራለች። ሣጥኑ ሲከፈትም ቱቦዋ የክፍሉን ሙቀት እስክትለምድ ሳትከፈት ትቆይ፤ ቀዝቃዛ ሳለች ከተከፈተች ጠል ይገባባታል።

ጣና ላይ ለሚሠሩት አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። ከሐይቁ የተወሰደ አልጌ ውስጥ ያለውን ስብ ናይል ሬድ በተባለ ቀለም የሚያበሩ ተማሪዎች አሉ። ሐሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን አልጌው አረንጓዴ የሆነበት ክሎሮፊል ራሱ በሰማያዊ ብርሃን ሲመታ 680 ናኖሜትር አካባቢ ደማቅ ቀይ ያበራል። ማጣሪያው ከአንድ ሞገድ በላይ ያለውን ሁሉ የሚያሳልፍ ዓይነት ከሆነ፣ ቀለም ጠብ ሳይልበት ሕዋሱ በቀይ ይጥለቀለቃል። የእንቦጭ ቅጠል ቢቆረጥም እንዲሁ ነው። ቀለም ያልነካው አልጌ መጀመሪያ ይነሳ። ለስቡ ደግሞ ቦዲፓይ 493/503 የተባለው ቀለም ይሻላል፤ ቁጥሮቹ የሚውጠውና የሚመልሰው ሞገድ ናቸው፤ 503 ከክሎሮፊሉ ቀይ ሩቅ ስለሆነ ጠባብ አረንጓዴ ማጣሪያ ሁለቱን ይለያቸዋል። የስብ ጠብታዎቹ በሕዋሱ ውስጥ ክብ ክብ፣ ጠርዛቸው የጠራ ሆነው ይታያሉ፤ መላው ሕዋስ ጭጋግ ከመሰለ ቀለሙ በዝቷል ወይም ሕዋሱ ሞቷል።

ውድ መሣሪያ የሌለው ትምህርት ቤትም ከዚህ ሁሉ የተገለለ አይደለም። የወተትን ጥራት ለመመርመር የሚውለው ሬሳዙሪን የተባለ ቀለም ሰማያዊና ብዙም የማያበራ ነው፤ በሕይወት ያለ ሕዋስ ሲያገኘው ወደ ሬሶሩፊን ይለወጣል፣ ሮዝ ይሆናል፣ 590 ናኖሜትር አካባቢም ያበራል። በ1 ሚሊሊትር 0.15 ሚሊግራም አሟሙቶ፣ ለእያንዳንዱ 100 ማይክሮሊትር የሕዋስ ፈሳሽ 20 ማይክሮሊትር መጨመር፣ ከ1 እስከ 4 ሰዓት በ37 ዲግሪ መጠበቅ ነው። የዳቦ እርሾ በስኳር ውሃ ውስጥ በ30 ዲግሪ ቢቀመጥ ለክፍል ማሳያ ይበቃል፤ በፈላ ውሃ የሞተ እርሾ ጎን ለጎን ይቀመጥ። አደጋው ማስረዘሙ ላይ ነው። ሕዋሱ ብዙ ከሆነ ሮዙንም አልፎ ቀለም አልባ ያደርገዋል፤ ያኔ በጣም የሚሠራው ሕዋስ የሞተ ይመስላል። በየግማሽ ሰዓቱ ማየት ይህን ያድናል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ለሳምባ ነቀርሳ ምርመራ የኤልኢዲ ፍሎረሰንት ማይክሮስኮፕን መከረ። መሣሪያው በአገራችን ጤና ተቋማትም በሥራ ላይ ነው። አውራሚን በተባለ ቀለም የተቀባው ባሲል (የነቀርሳው ባክቴሪያ) የሞተ ስለሆነ ያ የሕያው ሕዋስ ሥራ አይደለም፤ ሰማያዊ መብራቱና ማጣሪያው ግን ፍሎረሲንንና ቦዲፓይን ያበራል። ለሕሙማን የተመደበውን ለትምህርት ይዋል አንልም። ኮሌጆች ለማስተማሪያ ሲገዙ ከግዙፉና ውዱ ይልቅ ይህን ዓይነት ቢያስቡ ብዙ ተማሪ በዓይኑ ያያል። ለቲኤምአርኤምና ለሬሶሩፊን ግን አረንጓዴ ብርሃን ስለሚፈለግ ሰማያዊው ብቻውን አይበቃም፤ ግዢ ከመፈጸሙ በፊት ይታሰብበት።

ለዝግጅት ክፍላችሁ የምናቀርበው ጥያቄ ቀላል ነው። እንዲህ ያለ ምስል ስታትሙ የላከውን ሰው የቀለሙን ስም፣ መጠኑንና የቆይታውን ጊዜ፣ ቀለም ያልገባበት ሕዋስ በዚያው መብራት ሲታይ ምን እንደሚመስል፣ ምስሉ ላይ ያለውም ቀለም በኮምፒውተር የተሰጠ መሆን አለመሆኑን ጠይቁልን፤ መልሱንም ከሥሩ አትሙት። ቦታ ያጥራል ካላችሁ ምስሉ በሁለት ጣት ይጥበብ። ለምሳሌ ያህል እንዲህ ቢጻፍ እናነበዋለን፤ ተማሪውም ይማርበታል፦

«ሕያው ሕዋሳት በቲኤምአርኤም፣ 50 ናኖሞላር፣ 45 ደቂቃ በ37 ዲግሪ፣ ሳይታጠቡ። ግራ፦ ኤፍሲሲፒ ከመጨመሩ በፊት። መሐል፦ 1 ማይክሮሞላር ኤፍሲሲፒ ከተጨመረ ከ5 ደቂቃ በኋላ። ቀኝ፦ ቀለም ያልገባባቸው ሕዋሳት። ሦስቱም በ200 ሚሊሰከንድ፣ በአንድ የመብራት ኃይልና በአንድ የድምቀት ወሰን። ቀዩ ቀለም በኮምፒውተር የተሰጠ። የልኬት መስመሩ 10 ማይክሮሜትር።»

ከአክብሮት ጋር፣
በሕዋስ ምስል ሥራ ላይ ያለን የላቦራቶሪ ባለሙያዎች
ከጎጃም